ዳንቴል የለበሰው ሞደም

አክስቴ ቤት እርቃኑን የሚቀመጥ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። ሬዲዮው ለብሷል። ሶፋው ከስር ላስቲክ፣ ከላይ ዳንቴል ደርቧል። ካልጋሪ፣ ፓይንሪጅ ሰፈር በተከራየነው ታውንሀውስ ውስጥ ያለ ዳንቴል የምንዞረው እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። ስልኩማ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ዳንቴሉ ሳያንሰው የሚሽከረከረው መደወያ ላይ ትንሽ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። መክፈቻው አክስቴ አንገት ላይ ከማተባቸው ጋር ታስሯል።

"እንግዳ ሁሉ እየመጣ ሎንግ ዲስታንስ ይደውልብኛል" ይላሉ። ማን እንደደወለባቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ኦግደን ሰፈር ውስጥ የከባድ መኪና መለዋወጫ የሚሸጥ መጋዘን ቢሮ ኦርደር እተይብ ነበር። ከዚያ በፊት የሆቴል ላውንደሪ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንሶላ ሳጥፍ ኖሬ፣ በእንቅልፌ ሁሉ የራሴን ብርድ ልብስ አራት ማዕዘን አድርጌ አጥፌ እነሳ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰኞ አለቃዬ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ፈረንጅ፣ ጠርታኝ "ከሁለታችሁ ታይፒስቶች አንዳችሁን ብቻ ነው የማስቀረው" ስትለኝ የላውንደሪው በረኪና አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።

"የቅዳሜና የእሁድ ኦርደር ከቤቷ ሆና በስልክ መላክ የምትችለዋ ትቀራለች። ኮምፒውተሩን እኛ እናውሳለን። ሞደም ግን ራስሽ ትገዣለሽ።"

"እችላለሁ" አልኳት። ሞደም የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

"እሁድ ከቀትር በኋላ ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት የኛን ማሽን ክፍት አደርግልሻለሁ። አርባ ዕቃ ያለበት የሙከራ ዝርዝር ትልኪያለሽ። ሰኞ ጠዋት ካገኘሁት ሥራው ያንቺ ነው።" ካላገኘችውስ አላልኳትም። ሌላዋ ታይፒስት "እሁድ የልጆቼ ነው" ብላ ቀድማ ትታዋለች፤ የቀረነው እኔና ያላየሁት ዕቃ ነን።

ሞደም ማለት የኮምፒውተሩን ፊደል ወደ ፉጨት ቀይሮ በስልክ ሽቦ የሚልክ ሳጥን ነው፤ ማዶ ያለው ጓደኛው ደግሞ ፉጨቱን መልሶ ፊደል ያደርገዋል። ይህንን የነገረኝ የሱቅ ሻጭ ዋጋውን ሲነግረኝ የሬንታችንን ግማሽ ጠራ። አመስግኜ ወጣሁ። ጋዜጣ ገዝቼ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበትን ገጽ ከላይ እስከ ታች ለቀምኩት፤ አንድ አገኘሁ፣ ከከተማ ወጣ ብላ ያለች ኤርድሪ።

ኤርድሪ ለመሄድ መኪና ያስፈልጋል፤ መኪና ያላቸው ደግሞ ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው። ኤርትራዊ ናቸው፣ ኦግደን የባቡር ጋራዥ ይሠራሉ። አማርኛን አስመራ ትምህርት ቤት በአለንጋ ስለተማሩ ከሁላችንም አጥርተው ይናገራሉ። እኔ "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ፓርክ ያድርጉት" ስል፣ "'ያቁሙት' ብትዪ ጥርስሽ ይወልቃል?" ይሉኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። በመንገድ ላይ አስጠነቀቁኝ።

"ዋጋው ጋዜጣ ላይ ተጽፏል። እዚህ አገር የተጻፈ የተጻፈ ነው። አፍሽን ያዢ።"

አልያዝኩም። ባለቤቱ ሹራብ የለበሰ ሽማግሌ ነው፤ ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ዋጋውን ነገረን። እኔ ግማሹን ጠራሁ። ሽማግሌው ቀላ።  ጋሼ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ከዚያ ሰውየው ሳጥኑን ከፈተ፣ ኬብሉን አወጣና በእርጋታ ወደ ራሱ ሳበው።

"በዚህ ዋጋ እንግዲህ ያለ ኬብል" አለ። ክፉ ሰው ግን አይደለም፤ መሞከሪያ ይሁናችሁ ብሎ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ስልክ የሚያነሳ የአንድ ወዳጁን ቁጥር ጽፎ ሰጠን።

ጋሼ ካልጋሪ እስክንገባ ሳቁ። "ላሟን በግማሽ ዋጋ ገዛሻት፤ ጡቷን ኤርድሪ ትተሽ መጣሽ እንጂ!"

ኬብሉን ራሳቸው ሠሩት። ምድር ቤታቸው ካለው ካርቶን ሁለት የኬብል ጫፍ አወጡ፣ እያንዳንዱ ሃያ አምስት እግር አለው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በሬዲዮ ሽቦ መበየጃቸው አንድ በአንድ በየዱት። መሥሪያ ቤቱ ካዋሰኝ ኮምፒውተር ጋር ገጠምነው፤ ዝም። ነቅለው ዳግመኛ በየዱት።

"የአንዱን አፍ ከሌላው ጆሮ ጋር አገናኝቼ ነበር" አሉ፣ "ለካ እነዚህ አፍ ለአፍ ነው የሚገጥሙት።"

አክስቴ መክፈቻውን ከአንገታቸው ሳያወልቁ አጎንብሰው ጓጉንቸሩን ከፈቱልን። ሽማግሌው የሰጠንን ቁጥር ደወልኩ። ከወዲያ ማዶ ቀጭን ፉጨት መጣ። ሞደሙ ጎን ያለችውን ማብሪያ ገፋሁ፣ ስልኩን ዘጋሁ፣ ቀይዋ መብራት በራች።

"ማነው የሚያፏጨው?" አሉ አክስቴ።

"ኮምፒውተር ነው፣ እትዬ።"

"ቤት ውስጥ ያፏጫል? አሳዳጊ የበደለው!"

ፊደሎቹ ግን አንድ በአንድ፣ ልክ ሰው ቀስ ብሎ እንደሚተይብ፣ ስክሪኑ ላይ መውረድ ሲጀምሩ ያው አክስቴ እልል አሉ። ጋሼ ኬብላቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። እኔ ማታውን ሙሉ አፌ አልተዘጋም።

እሁድ ሁለት ሰዓት ሲሆን አክስቴ ስልኩን ከፍተውልኝ ተቀመጥኩ። አሁን የምነግራችሁን ነገር ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። ሞደሙ ዳንቴል ለብሷል። አክስቴ ጠዋት ከቤተክርስቲያን በፊት ከሬዲዮው ላይ ገፈው አልብሰውታል፤ ባለ ድርብ ክሩን፣ ለክረምት የሠሩትን። እኔም እንደ ስልኩ፣ እንደ ቴሌቪዥኑ፣ ደውዬ ጫፉን ገለጥ አድርጌ ማብሪያዋን ገፋሁ፣ መልሼም አልብሼው እጄን ኪቦርዱ ላይ አደረግሁ። ሰው የቤቱን ግድግዳ አያይም አይደል?

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ላክሁ። አሥራ ሦስት ዕቃ ሄደ። አሥራ አራተኛው ላይ ስክሪኑ ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት መትፋት ጀመረ፤ ቀጥሎ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ።

"እትዬ! ስልኩን ይክፈቱልኝ!"

አክስቴ ከከፈቱ በኋላ መልሰው መቆለፍ ልማዳቸው ነው። መጡ፣ አጎነበሱ፣ ከፈቱ። ደወልኩ። መስመሩ ተይዟል እያለ ከአንድ ሰዓት በላይ አስጠበቀኝ፤ ሁለተኛው ሙከራ አራት ዕቃ ሳይሄድ ሞተ። ዞር ስል ጓጉንቸሩ ተቆልፏል።

"እትዬ፣ በእናትዎ አይቆልፉት!"

"እጄ ነው እኮ፣ እኔ አይደለሁም።"

በሦስተኛው ጊዜ ቀይዋ መብራትም እምቢ አለች። ሰዓቱን አየሁ፤ ለአምስት አንድ ሰዓት ሊቀረው ነው። የኤርድሪውን ሽማግሌ ሌባ አልኩት፣ ኬብሉን ተራገምኩ፣ ስልክ ኩባንያውን ተራገምኩ። ከዚያ በቤት ነጠላ ጫማ በረዶውን ረግጬ የጋሼን በር ደበደብኩ።

ጋሼ እንደገቡ ቀጥታ ወደ ሞደሙ ሄዱ። መዳፋቸውን ዳንቴሉ ላይ አሳረፉ፣ ልክ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ።

"ይሄ ትኩሳት ይዞታል" አሉ።

ዳንቴሉን አነሱት። ከስሩ ላስቲክ አለ፤ የሶፋው ዓይነት፣ ለማብሪያዋ ቀዳዳ ተትቶላት፣ በጥንቃቄ ተቆርጦ ዙሪያውን በክር የታሰረ። በሙቀት ለስልሶ ሳጥኑ ላይ ተጣብቋል። መተንፈሻ ቀዳዳዎቹ አንድም ሳይቀር ተደፍነዋል።

"ከኤሌክትሪኩም ከትናንት ጀምሮ አልነቀልኩትም" አሉ አክስቴ ከበሩ ላይ ሆነው፣ ቀስ ብለው። "ብርድ እንዳይመታው ብዬ። ላስቲኩ ደግሞ አቧራ እንዳይገባው።"

እኔ አፌን የምይዝ ሰው ብሆን ኤርድሪ ላይ እይዘው ነበር። "እዚህ ቤት ዕቃ ሁሉ ቀሚስ ካልለበሰ አይኖርም? ሥራዬን እኮ ነው ያፈኑት! ላውንደሪ ልመለስልዎ?"

ጋሼ "አንቺ!" አሉ።  አክስቴ እኔን ሳይሆን ሞደሙን እያዩ ነበር፣ በጣም ያሳዘናቸው እሱ ይመስል።

ከዚያ ያደረጉትን ልንገራችሁ። አክስቴ ማለት ገና ብርድ ሳይጀምር የመስኮቱን ጠርዝ በቡትቶ ጠቅጥቀው ሚያዝያ ድረስ የማይነኩ ሴት ናቸው። ሄደው ቡትቶውን አንድ በአንድ መዘዙ። መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱት። የውጭው ብርድ እንደ አበዳሪ ሰተት ብሎ ገባ። ሞደሙን አንስተው ወደ ደጁ ሊያወጡት ሲሉ ጋሼ ከለከሏቸው።

"እትዬ፣ ውጭ አይውጣ፣ ሲመለስ ውስጡ ያልበዋል። እዚሁ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጥ።"

አስቀመጡት። ነጠላቸው ላይ ጋቢ ደርበው ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ያን አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበትን የጋዜጣ ገጽ አጥፈው ያራግቡት ጀመር። ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው ሰዓታቸውን ያያሉ። እኔ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ እጠብቃለሁ። 

ለአምስት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ቀይዋ መብራት በራች።

አክስቴ ማራገቡን ሳያቆሙ በአንድ እጃቸው ማተባቸውን ፈለጉ፣ መክፈቻውን ፈቱትና ጠረጴዛው ላይ፣ ፊቴ አስቀመጡት። ከአንገታቸው ሲወርድ አይቼ አላውቅም። እኔም መክፈቻውን አንስቼ ጓጉንቸሩን ከፈትኩ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ጊዜ አልነበረም፤ ደወልኩ።

ከአንድ ጀመርኩ። ጣቶቼ ደንዝዘው የማን ጣት እንደሆኑ አላውቅም። አሥራ ሦስት። አሥራ አራት አለፈ። "በርታ" ይላሉ አክስቴ በሹክሹክታ፣ ለኔ አይደለም። ሠላሳ። አፋቸው ላይ ጭስ የመሰለ ትንፋሽ ይታያል። አርባኛውን ልኬ ማዶ ያለው ማሽን "ደርሷል" የሚለውን ቃል ሲጽፍ ለአምስት ሦስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ወረቀት ይዛ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች።

"አርባውም አለ" አለች። "ግን የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሦስት ዕቃዎች ለምንድን ነው ደጋግመው የመጡት?"

"ሞደሙ አሞት ነበር" አልኳት። ስትስቅ ያን ቀን ነው ያየኋት።

ማታ ቤት ስገባ መስኮቱ ተዘግቶ ቡትቶው ተመልሷል። ሞደሙ እርቃኑን ተቀምጧል። ዳንቴሉ ግን ከስሩ ተነጥፏል፣ አራቱ ጫፎቹ ተስተካክለው። "ከላይ ካልሆነ ከታች ይሁን፤ ምን ይላል ሰው?" አሉ አክስቴ፣ ሾርባ እየጨለፉልኝ። ስለ ትናንቱ ያነሳሁትን ይቅርታ ሳልጨርስ "ብይ፣ ቀዥቃዣ" ብለው ቆረጡት።

ከዚያ በኋላ ሞደሙ አንድም ቀን አልጋለም። አየር እስካገኘ ድረስ ምንም አይነካውም፤ ጋሼም እኔም እናውቀዋለን። አክስቴ ግን በየእሁዱ፣ ሁለት ሰዓት ሲል፣ ያቺን የጋዜጣ ገጽ አጥፈው ይመጣሉ፣ ወንበራቸውን ይስባሉ፣ ኦርደሩ ሄዶ እስኪያልቅ ያራግቡለታል። አልፎ አልፎም ምን ያህል ዕቃ እንደቀረኝ ይጠይቁኛል።

በነገር ሁሉ አፌን መያዝ የማልችል እኔ፣ እንደማያስፈልግ ነግሬያቸው አላውቅም።