ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ነው

ሆሳዕና ከተማ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት ኳስ ተጫዋች ሆንኩ። ነጠላዬን ሳላወልቅ፣ ከወንበሬ ሳልነሳ ነው የምጫወተው፤ ቢሆንም ተጫዋች ነኝ። ቤተሰቦቼ ደሴ ናቸው። እነሱ የሚያውቁት በአንድ የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ እንደምሠራና እሁድ ቅዳሴ እንደማላስታጉል ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ከቅዳሴ በኋላ ያለውን ሰዓት ማንም ስላልጠየቀኝ አልተናገርኩም።

ኮምፒውተሩን የገዛሁት በርቀት ለምማረው ትምህርት ነበር። ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ሻጩ «ምርቃት» ብሎ አንድ የኳስ ጨዋታ ጫነልኝ፣ ሁለት ጆይስቲክም ጨመረልኝ። ትምህርቱ አልቆ ዲግሪዬን ከተቀበልኩ ቆየሁ፤ ምርቃቱ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም።

የምጫወተው አብራኝ ከምትሠራ ነርስ ጋር ነው። የዱራሜ ልጅ ናት፤ ንግግሯ ፈጣን፣ ጣቶቿ ከንግግሯ የፈጠኑ። እሁድ እሷ ከቸርች፣ እኔ ከቤተ ክርስቲያን እንመለስና እኔ ቤት እንገናኛለን። ሁለታችንም ስለ ትሕትና ሲሰበክ ስንሰማ አርፍደን ነው የምንመጣው። ከዚያ ጆይስቲኩን እናነሳለን፤ ትሕትናውም እዚያው ላይ ያበቃል።

እሸነፋለሁ። አንድ እሁድ አይደለም፣ ሁልጊዜ። ለነገሩ ኮምፒውተሩም ጤነኛ አልነበረም፤ ኳሱ ወደ ጎል ሲጠጋ ስታክ ያደርጋል፣ ተጫዋቾቹ ጭቃ እንደያዘው ባጃጅ ይንገታገታሉ። እኔም ኢንተርኔት ላይ ሳነብ አንድ የሚያኮራ ቃል አገኘሁ። አራት ለዜሮ የተሸነፍኩ ዕለት ጆይስቲኩን በጨዋ ደንብ አስቀምጬ፣

«ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ነው» አልኩ።

«እኔስ በማን ኮምፒውተር ነው የምጫወተው እህቴ?» አለች። «አጠገብሽ አይደል የተቀመጥኩት? ላንቺ ብቻ ነው እንዴ ስታክ የሚያደርገው?»

«አንቺ ዝም ብለሽ ትመቻለሽ። እኔ አስቤ ነው የምጫወተው። ማሽን ሲዘገይ የሚጎዳው የሚያስብ ሰው ነው።»

«እሺ አሳቢዋ፣ እያሰብሽ አምስተኛውን ልጨምርልሽ?»

በማግስቱ ክሊኒኩ ሻይ ክፍል ውስጥ ውጤቱን ለሁሉም አወጀች። እኔም ለሁሉም መለስኩ፤ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ነው። በሚቀጥለው ሰኞም እንዲሁ፣ በሚቀጥለውም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጨዋታውን እስከ ፋሲካ ተውኩ፤ ሰበቡን ግን አልተውኩም፣ ሰበብ የፍስክ ምግብ ስላልሆነ።

እየቆየ ሲሄድ ነገሩ ከኳስ አለፈ። በሰው ፊት ደጋግሜ የተናገርኩት ነገር እውነት መሆን ነበረበት፤ አለዚያ ነጠላ ለብሳ የምትዋሽ ሴት ልሆን ነው። ስለዚህ አዲስ ፕሮሰሰር ልገዛ አሰብኩ። አንድ ሐሳብ ብቻ እጄን ያዘኝ፤ ፕሮሰሰሩ ተቀይሮ ብሸነፍስ? በማን ላይ ላሳብብ ነው?

እዚህ ላይ ስለ ሥራዬ ትንሽ ልናገር። ወደ ላቦራቶሪዬ የሚመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ በሽታውን ራሱ አውቆት ነው የሚመጣው። «ታይፎይድና ታይፈስ ነው የያዘኝ፤ ዝም ብለሽ ጻፊልኝ» ይላል። ራሱን ቢያመው ታይፎይድ ነው፣ ሚስቱ ብታኮርፈው ታይፈስ። ደሙ ንጹሕ ነው ስለው ደስ ሊለው ሲገባ ይቀየማል፤ «ማሽናችሁ አይሠራም» ብሎኝ ይወጣል። በእነዚህ ሰዎች ስንት ዓመት ስቄባቸዋለሁ።

መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ከአዲሎ ከተማ የመጣ ሰው አለ። እሱም አንድ ጊዜ ታይፎይዱን ይዞ መጥቶብኝ፣ መርምሬ ባዶ እጁን ሸኝቼዋለሁ። ሱቁ ገባሁና፣

«ፕሮሰሰር ፈልጌ ነበር፤ ኮር አይ ሰቨን» አልኩት።

«ምን ሆነብዎት ሲስተር?»

«ጨዋታ ላይ ስታክ ያደርጋል። ፕሮሰሰሩ ነው።»

«መርምረውት ነው?»

«ይታወቃል እኮ» አልኩ። እሱም ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ቀስ ብሎ ፒንሳውን አስቀመጠ።

«ያኔ ታይፎይድ ነው ስልዎት ምን ነበር ያሉኝ?»

«መጀመሪያ ደም ስጥ ነበር ያልኩህ።»

«እንግዲህ እርስዎም ደም ይስጡ።»

ሰቨኑን ግን ወድጄው ነበር፤ ቁጥሩ ራሱ ልቤን ገዝቶታል። አጽዋማት ሰባት፣ ምሥጢራት ሰባት፤ ፕሮሰሰሩም ሰባት ቢሆን ምን ክፋት አለው? ይህንንም፣ የኮምፒውተሬን ሞዴልም ነገርኩት።

«ጄኔሬሽኑ ካረጀ ሰባትነቱ ምን ያደርግልዎታል?» አለ። «የድሮ ሰባት ከዛሬ ሦስት ያንሳል። በዚያ ላይ ያንቺ ቦርድ…» ከጥድፊያው የተነሳ «አንቺ» ማለቱን አስተዋለና አንገቱን ሰበረ፤ «ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት የእርስዎ ቦርድ አዲሱን አይቀበልም። ፕሮሰሰር ልቀይር ካሉ ቦርዱም ራሙም አብረው ይቀየራሉ። አንድ ጥርስ ሊነቅሉ ሄደው መንጋጋ አስቀይረው መምጣት ነው።»

ከዚያ ምርመራውን አዘዘልኝ። ጨዋታው እየሄደ ታስክ ማናጀርን ከፍቼ ማን እንደደከመው እንዳይ። ቀጥሎ የሥዕሉን ጥራት ዝቅ እንዳደርግ። ጨዋታው ያኔ ከፈጠነ የደከመው ሥዕሉን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ነው፤ ምንም ለውጥ ከሌለ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ያኔ ልምጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት በሬን ዘግቼ መረመርኩ። እንደ ሥራዬ ደንብ አንድ ነገር ብቻ እየለወጥኩ፣ በደብተር እየጻፍኩ። ፕሮሰሰሩ ከግማሽ በታች እየሠራ ተዝናንቶ ተቀምጧል፤ የሚያቃስተው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ሜዳው ላይ ያለውን ሳር አሳነስኩ፣ የተጫዋቾቹን ጥላ አጠፋሁ፣ የተመልካቹን ብዛት ቀነስኩ። ጨዋታው እንደ ዘይት ፈሰሰ። አንድም ነገር መግዛት አላስፈለገኝም ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተቀየምኩ። «ታስክ ማናጀሩ አይሠራም» ብዬ ዘግቼ ከፈትኩት። ያው ነው።

ያለ ምንም መንገታገት አንድ ጨዋታ ከኮምፒውተሩ ጋር ሞከርኩ። ተሸነፍኩ። ቀላል በሚለው ደረጃ ላይ።

የሚቀጥለውን ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ግን ይጻፍ። ሳሩን ወደ ቦታው መለስኩት። ተመልካቹን መለስኩት፣ ጥላውን ሳይቀር። በነጋታው ነርሷ ስትመጣ ኮምፒውተሩ እንደ ጥንቱ ይንገታገታል። ለኅሊናዬም መልስ አዘጋጀሁለት፤ ውሸት አልተናገርኩም፣ ሳር ነው የጨመርኩት።

እሁድ ተቀመጥን። ገና ሳንሞቅ አገባችብኝ። አፌን ከፈትኩ።

«ጥ—»

«ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ነው!» አለች ድምፄን አስመስላ፣ ነጠላ እንዳጣፋ ሰው ትከሻዋን እየሰበቀች። አሳምራ ነው ያስመሰለችኝ። ያን ያህል ቆፍጣና፣ ያን ያህል ጻድቅ እንደምመስል እስከዚያ ድረስ አላወቅሁም ነበር። የጀመርኩትን ልጨርሰው ፈለግሁ፤ ምላሴ እምቢ አለ።

«የሳሩ ነው» አልኩ።

«የምኑ?»

ጨዋታውን አቁሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ደብተሩን፣ ካርዱን፣ ጥላውን። ከዚያ እያየችኝ በገዛ እጄ ሳሩን አጨድኩት። ስድስት ለዜሮ አሸነፈችኝ። እያንዳንዱ ጎል ጥርት ብሎ፣ ሳይቆራረጥ ገባ።

«አየሽ» አለች፣ «አሁን እንኳ ሲገባብሽ ያምራል።» ከዚያ ቀልዷን ተወችና፣ «ነገ ሻይ ክፍል ትናገሪያለሽ። እኔ ብናገር ጉራ ይመስላል። ሰበቡን ያወጅሽው አንቺ ነሽ፣ የምታነሺው አንቺ።»

ሌሊቱን በደንብ ተኛሁ፤ ፕሮሰሰር ላለመግዛትም ቆረጥኩ። ሰኞ በሻይ ሰዓት ብርጭቆዬን ይዤ ቆምኩ። የተዋረደ ሰው ድምፅ ማውጣት ፈልጌ ነበር፤ የወጣልኝ ግን የሰባኪ ድምፅ ነው።

«ፕሮሰሰሩን እስከ ዛሬ በከንቱ ስወቅሰው ኖሬአለሁ። ምንም ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሁለቱ የካርድ ክፍል ልጆች ስልካቸውን እያዩ ነው። ከጥጉ የክሊኒኩ ገንዘብ ተቀባይ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የሆሳዕና እናት፣ ዳቦአቸውን ትሪው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ውይ! ሰውዬው ንጹሕ ነው?»

«የቱ ሰውዬ እትዬ?»

«ፕሮፌሰሩ ነዋ! ያ በርቀት ሲያስተምርሽ ያንገላታሽ። ሰኞ በመጣ ቁጥር ተሸነፍኩ፣ ጥፋቱ የፕሮፌሰሩ ነው ስትይ አልነበር? እኔ እኮ በፈተና እየጣለሽ መስሎኝ ነው።»

ነርሷ ሻዩ ትን አላት።

«እትዬ፣ ፕሮሰሰር ነው እንጂ ፕሮፌሰር አይደለም። ኮምፒውተር ውስጥ ያለች ትንሽ ነገር ናት፤ ጥፍር የምታክል።»

«ዕቃ ናት?»

«አዎ።»

«ሰው አይደለም?»

«አይደለም እትዬ።»

አማርኛቸው ሲናደዱ ወደ ሀዲይኛው ያዘነብላል፤ አሁን አዘነበለ።

«በጸሎት ቡድናችን ረቡዕ ረቡዕ ስናነሳው ከርመናል። አንዲት ከሩቅ አገር የመጣች እግዚአብሔርን የምትፈራ ልጅ ክፉ ፕሮፌሰር አስጨንቋታል፣ ጌታ ልቡን ይስበረው ብለን ጾመናል። የቸርቻችን ሽማግሌ ሳይቀር አልቅሷል።»

«እትዬ፣ ይቅርታ…»

«ለእኔ አይደለም። ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት መጥተሽ ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ። እኔ ለጥፍር ነው ያስጾምኳችሁ ብዬ ሽማግሌው ፊት አልቆምም።»

«እሺ» አልኩ።

«የሰውየውን ስምም ታድሺያለሽ።»

«ሰውዬ እኮ የለም እትዬ።»

«የሌለን ሰው ነው እንዴ ያን ያህል ስታሚ የከረምሽው?» አሉና ዳቦአቸውን አነሱ።