በዛብህ የተሰማበት ዕለት

በዛብህ ልብስ ሰፊ ነበር። ሥራው ምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀው ግን «ሙዚቀኛ ነኝ» ነበር የሚለው። ስፌቷን «ለጊዜው ነው» ይላታል። ለጊዜው ከአባቱ ወርሷታል፤ ለጊዜው ሚስት አግብቶባታል፤ ለጊዜው ሦስት ልጆች አሳድጎባታል። ከዚራ ሰፈር ውስጥ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ባለች ጠባብ ሱቁ የቀበሌውን ካኪ ሱሪ እያሳጠረ፣ ልቡ ሁልጊዜ መድረክ ላይ ነበር።

በቀበሌው የኪነት ቡድን ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። ይጫወታል የምንለው ባየነው ነው እንጂ በሰማነው አይደለም። የቤዙ ማጉያ ከተቃጠለ ወዲህ ለቡድኑ የቀረው አንድ ጥሩምባ ብቻ ነበር፤ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ሕዝቡን ለስብሰባ የሚጠራው የብረት ድምፅ ማጉያ። ጥሩምባው የሚወደው ቀጭን ድምፅ ነው። የዘፋኟን የናፊሳን ድምፅ፣ የሰማታርን ጊታር፣ የሊቀ መንበሩን ሳል ሳይቀር አንስቶ የደቻቱን ወንዝ ያሻግራል። ወፍራም ድምፅ ሲደርሰው ግን ውጦ ዝም ነው። ስለዚህ በዛብህ በየበዓሉ መድረኩ ጫፍ ላይ ይቆማል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንገቱን ይወዘውዛል፣ ጣቶቹን ያሯሩጣል፤ ከእነዚያ ጣቶች የወጣ ድምፅ ግን ማንም ሰምቶ አያውቅም። ገጠር፣ ዋሂል፣ ለቅስቀሳ የሄዱ ጊዜ አንድ ገበሬ «ያ የታመመው ልጅ ለምን አይቀመጥም?» ብሎ ጠይቋል ይባላል።

ጓድ በዛብህ በዚህ አይበገርም። በውይይት ክበብ መሠረትና የበላይ መዋቅር የሚባለውን ትምህርት ሲማር እንቅልፍ ያልወሰደው ለዚያች ምሽት ብቻ ነው፤ በማግሥቱ ትምህርቱን ለግል ጥቅሙ አዋለው።

«ቤዝ ማለት መሠረት ነው» ይላል፣ ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣ ሁሉ። «ናፊሳ የበላይ መዋቅር ናት። መሠረቱ ሲነሳ የበላይ መዋቅሩ ይናዳል። ገባህ?»

«ገብቶኛል፤ ቁመቱን ብቻ ብዙ አትቁረጥብኝ» ይላል ባለሱሪው።

ሚስቱ በለጠች ግን እንደ ባለሱሪዎቹ በቀላሉ የምትታለፍ አልነበረችም። ክር ፋብሪካ ውስጥ መፍተያ ክፍል ትሠራለች። ያ ሁሉ ማሽን በአንድ ላይ እየጮኸ፣ ከመካከሉ አንዱ ክር ሲበጥስ ጆሮዋ ይለየዋል፤ ቀና ሳትል እጇን ወደዚያ ትዘረጋለች። በየበዓሉ ከጓደኞቿ ጋር ፊት ለፊት ትቀመጥና፣ ማታ እራት ስታቀርብ እንዲህ ትላለች፦

«በዜ፣ ሁሉንም ሰማሁ። ጊታሩን ሰማሁ፣ ድራሙን ሰማሁ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል አንተ የቱ ነህ?»

ለማሾፍ አልነበረም፤ የምሯን ነው። ባሏን መስማት ፈልጋ ነው። እሱን ግን ጥያቄዋ ያሳፍረዋል። «ከሥር ነኝ፤ ልብ ብለሽ ካዳመጥሽ ከሥር አለሁ» ይላታል። እሷም በሚቀጥለው በዓል ልብ ብላ ታዳምጣለች። ከሥር ማንም የለም።

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ሲቃረብ መፍትሔው ከጅቡቲ በባቡር መጣ። መጋላ ገበያ ውስጥ የጅቡቲ ዕቃ የምትነግደው ዳሃቦ፣ የፈረንሳይ ወታደሮች ሸጠውት ከሄዱት የሙዚቃ ዕቃ መካከል በእግር የሚረገጡ ሦስት ፔዳሎች እጇ ገብተዋል ተባለ። ሳሙና የሚያህሉ የብረት ሳጥኖች ናቸው፤ በጊታሩና በማጉያው መካከል ይሰካሉ፤ ሲረገጡ ድምፁን ያሻክሩታል፣ ያወፍሩታል፣ ያስጮኹታል። በዛብህ ቤዙን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሰማታርን አስከትሎ፣ ዳሃቦ ቤት ሄደ።

ዳሃቦ ፔዳሎቹን ከአልጋ ሥር አወጣቻቸው። ግራጫ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ቤዙን ከትልቁ ቴፗ ጋር አገናኙት።

ሰማታር ግራጫውን ረገጠው። «ይኼን ውሰድ አቦ። ወፍራሙን ድምፅ አይነካብህም፤ ከላይ ብቻ ትንሽ ያሻክረዋል። ጥሩምባው ሻካራዋን ይይዝልሃል፤ ትሰማለህ።»

«ምን ያህል እሰማለሁ?»

«ሰው የሚሰማውን ያህል ነዋ!»

በዛብህ ከንፈሩን ጣለ። ሰው የሚሰማውን ያህል ለመሰማት አልነበረም ይህን ሁሉ ዓመት የታፈነው።

ቢጫው ዲስቶርሽን ነበር። ይጮኻል፤ ጣት ሲቆም ግን አብሮ ይቆማል። «ይኼም ክፉ አይደለም» አለ ሰማታር። ቀዩን ግን በእግሩ ጫፍ ገፋው። «ይኼ ፈዝ ነው፤ ይቅርብህ። ከሥር ያለውን ይበላል፤ ድምፁንም አይለቅም። አንዴ የነካኸውን ክር በመዳፍህ እስክታፍነው ድረስ ይዞት ይቆማል። ጣትህ ትክክል ካላረፈ…»

«ጣቴ ምን ሆነ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ አቦ! ጣትህን እንደማንም ሰው አየሁት እንጂ ሰምቼው አላውቅ።»

ይህን ሲሰማ በዛብህ ቀዩን ረገጠው፤ የላይኛዋን ክር መታት። ቴፑ አገሳ። መደርደሪያው ላይ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፤ ግቢው ውስጥ የታሰረችው ፍየል ገመዷን በጥሳ ወጣች።

ዳሃቦ ጆሮዋን ይዛ ጮኸች። «ዋሪያ! ወላሂ ይኼ ዕቃ ሰው ቤት አይገባም፤ ግንብ ለማፍረስ ነው የተሠራው! አንተ ሙዚቃ ነው የምትፈልገው ወይስ የምትጣላው ሰው አለህ?»

«ኤዶ ዳሃቦ፣ ቤዝ እንዲህ መክበድ አለበት። ይኼን ነው የምወስደው።»

የመጠን ለውጥ ወደ ዓይነት ለውጥ ይሸጋገራል የሚለውን የውይይት ክበብ ሕግ በገዛ ራሱ መንገድ ተርጉሞታል፦ ጩኸት በበቂ መጠን ሲጨምር ወደ ሙዚቃነት ይሸጋገራል። ልዋጩ ለዳሃቦ ሴቶች ልጆች የዒድ ቀሚስ መስፋት ሆነ፤ ከነጥልፉ። ሲወጣ ፔዳሉን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ በመጋላ ጠባብ መንገዶች እንደ ሙሽራ ነበር የሚራመደው። ቤት ሲደርስ በለጠችን ያላት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በበዓሉ ትሰሚኛለሽ።»

በለጠችም ለመፍተያ ክፍል ጓደኞቿ ሁሉ ነገረች።

በበዓሉ ከቀትር በኋላ ሜዳው ሞልቶ ነበር። በለጠች ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ ጓደኞቿ በግራና በቀኝ። የኪነት ኃላፊው ጓድ ሣህሉ ረጅሙን ንግግር ጨርሶ ወረደ፤ ናፊሳ ጀመረች። በዛብህ በለጠችን ፈለጋት፣ አገኛት፣ ዓይኗን ያዘ። ከዚያ ቀዩን ረገጠ።

የሜዳው ሕዝብ በአንድ ጊዜ ወደ ምሰሶው ዞረ። ያ ሁሉ ዓመት ወፍራም ድምፅ ሲውጥ የኖረው ጥሩምባ ዛሬ አስታወከው። ግርርርር የሚል፣ ጠጠር የጫነ የጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ የሚመስል ድምፅ ከምሰሶው ላይ ወረደ። ከበለጠች ጓደኞች አንዷ ደንግጣ ነጠላዋን ጣለች። በለጠችም ፊቷ በራ፤ እጇን አንስታ ወደ ባሏ እየጠቆመች «እሱ ነው! እሱ ነው!» ስትል ከመድረክ ያያታል።

በዛብህ በሕይወቱ እንዲህ ተደስቶ አያውቅም። ደስታው የቆየው ግን ሁለተኛዋን ክር እስኪነካ ነው።

ጣቱ ማረፍ ካለበት አንድ እርምጃ አልፎ አርፎ ነበር። ሁልጊዜም እዚያ ነበር የሚያርፈው፤ እስከ ዛሬ ግን የነገረው የለም። ሦስተኛዋ ክርም ዝቅ ብላ ነበር የተቃኘችው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ቀዩ ፈዝ ደግሞ ቃሉን የሚጠብቅ ዕቃ ነውና የተሳሳተውን ድምፅ ይዞ አልለቅም አለ። ናፊሳ ግጥሙ መሃል ዞር ብላ ወደ ኋላ አየች፤ ድምፅዋን ፈለገችው፣ አጣችው፣ ሌላ ቦታ ገባች። ድራሙ ተደናገረ። ከሜዳው ግራ አንዱ ሳቀ። ሌሎቹ የሳቀውን አይተው ሳቁ።

በዛብህ ያን ጊዜ ሰማ። እሱም ራሱን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጠው የኖረው ቤዝ በጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ነበር፤ ከጣቱ የሚወጣው ይህ ነው። ሰማታር በዓይኑ ወደ ፔዳሉ ያመለክተዋል፤ አጥፋው፣ ረግጠህ አጥፋው። በዛብህ ወደ በለጠች ተመለከተ። የጠቆመችበት እጇ ወርዷል። ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በሌላው እጇ ይዛዋለች፤ እንዳያመልጣት ይመስል። ጓደኞቿ እሷን ላለማየት ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

ቀዩን ረገጠና አጠፋው።

ግሳቱ ተቆረጠ። ናፊሳ ድምፅዋን አገኘች። ጊታሩ ገባ፣ ድራሙ ቀና አለ፤ ዘፈኑ ከበሽታ እንደዳነ ሰው ተነስቶ ሄደ። ሕዝቡም ደስ ብሎት አጨበጨበ። በዛብህ መድረኩ ጫፍ ላይ ቆሞ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል። ለእሱ የመጣለት ብቸኛው ጭብጨባ ይህ ነው፤ የተሰጠውም ስለጠፋ ነው።

ከመድረኩ ኋላ ሂስና ግለ ሂስ ተካሄደ። ጓድ ሣህሉ ቆቡን አስተካከለ።

«ጓድ በዛብህ፣ በበዓሉ ላይ የደረሰውን እንዴት ትገመግመዋለህ?»

«ዕቃው ነው፣ ጓድ። የጅቡቲ ዕቃ… ተበላሽቷል።»

ሰማታር ቤዙን ከበዛብህ እጅ ተቀበለ፤ ሦስተኛዋን ክር ጠምዝዞ ቃኛት፤ ቀዩን ረግጦ ያንኑ መስመር ከላይ እስከ ታች ተጫወተው። ከበድ ያለ፣ ደረት የሚሞላ፣ ቀጥ ያለ ድምፅ ነበር። ከዚያ ቤዙን መልሶ ሰጠው፤ ፊቱን አላየውም። ናፊሳ ግን ልጅ ናት፤ ልትጎዳው አይደለም፣ እውነት ገርሟት ነው።

«ጋሼ በዛብህ፣ እስከ ዛሬም እንዲህ ነበር የምትጫወተው?»

ጓድ ሣህሉ ቃለ ጉባኤ መያዙን ተወው። አንድ ሰው እንዲህ ሲቀላ ደብተር መክፈት ለሱም ከበደው። በዛብህ ዓይኑን የፔዳሉ ቀይ ቀለም ላይ ተክሎ ቆመ፤ ሌላ የሚያየው ቦታ ስላጣ ነው።

በለጠች የሜዳው መውጫ ላይ ትጠብቀው ነበር፤ ጓደኞቿ ሄደዋል። የደቻቱን ደረቅ አሸዋ ሲሻገሩ እሱ ጥያቄዋን ይጠብቃል። ማዶ ደረሱ፤ አልጠየቀችም። ሳትጠይቅ ስትቀር ባሰበት።

«ሰማሽኝ?» አላት።

በለጠች ጫማዋ ውስጥ የገባውን አሸዋ ለማራገፍ ጎንበስ አለች። ሌላኛውንም ጫማ አወለቀች።

«ጩኸቱ በዛብኝ በዜ። ልለየው አልቻልኩም።»

ከዚያ ሁሉ ማሽን መሃል አንድ የተበጠሰ ክር የምትለየው ሴት ናት ይህን የምትለው። «አዎ፣ ዛሬ ጩኸት ነበር» አላት። ቤዙን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ።

የዒዱ ቀሚሶች ግን መሰፋት ነበረባቸው። ከሥራ መልስ በለጠችም ሱቁ እየመጣች ቁልፍ ትተክልለታለች። ዳሃቦ ልትረከብ በመጣች ዕለት ቀሚሶቹን በብርሃን አይታ፣ ስፌቱን ጎትታ፣ በአድናቆት ምላሷን አጮኸች።

«ማሻአላህ! አንተ እጅህ ወርቅ ነው፣ ምን ልትሆን ጊታር ውስጥ ገባህ? በል ንገረኝ፣ ያ ግንብ አፍራሽ ዕቃዬ እንዴት ሆነ? ተሰማህ?»

በዛብህ ማሽኑን መርገጥ ጀመረ።

ዳሃቦ ወደ በለጠች ዞረች። «እሱስ ይኮራል። አንቺ ንገሪኝ፤ ሰማሽው?»

በለጠች ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ቁልፉን በጣቷ ሞከረችው፤ አልላላም።

«ሰማሁት» አለች፣ ቀና ሳትል። «ጥሩ ነበር።»

ዳሃቦ ሳቀች፤ ቀሚሶቿን አቅፋ እየመረቀቻቸው ወጣች። በዛብህ አንገቱን ደፍቶ ማሽኑን ይረግጣል። መርፌው ይወርዳል፣ ይወጣል። ከሥሩ ጨርቅ አልነበረም። በለጠችም አይታለች፤ አልነገረችውም።