ወንድሜ ላይ የተለማመደችው ሐኪም

እስከ ዛሬ ድረስ የሆነ ሰው ጥጥ በአልኮል ሲነክር ሽታው አፍንጫዬ ከደረሰ፣ አቃቂ ያለው ግቢያችን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። አባቴ በመንገዱ በኩል ያለውን ቤት ለአንድ ሽማግሌ ሐኪም አከራይቶት ክሊኒክ ሆኖ ስለነበር፣ እኛ ከኋላ ባለው ቤት ምሳችንን ስንበላ ሽታው በጓሮ በር እየገባ ከሽሮው ጋር ይቀላቀል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ዶክተር» የሚላቸው እኚህ ሰው ዘንድ፣ ከዩኒቨርሲቲ የተላኩ ተማሪዎች እየመጡ ሥራ ይለማመዱ ነበር። ነጭ ጋዋን ለብሰው የሰፈራችንን ጭቃ እየዘለሉ ሲመጡ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ሙሽራ የመጣ ይመስል እየሮጥን በሩ ላይ እንቆም ነበር።

በአንድ ክረምት የመጣችው ሰናይት ግን ከሁሉም ትለይብን ነበር። ገና ተማሪ ስለነበረች እናቴ «ዶክተር» ብላ ስትጠራት በእፍረት አንገቷን ትደፋለች። ቀን ቀን ሕመምተኛው እየበዛባት የልጅ ልብ ተረጋግታ ለማዳመጥ አልተመቻትምና፣ ዝናቡ ሲያባራ ወደ ጓሮ መጥታ፣ ዳዊትን በረንዳው ላይ አስተኝታ፣ ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትሰማ ነበር። እሱ ፀጥ ብሎ ይተኛል። እኔ ግን ቅዝቃዜው ገና ሲነካኝ ስለምንከተከት «አንቺ ለትምህርት አትሆኚም» ተብዬ ተባረርኩ። በቅናት አረርኩ።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ ዳዊት ከአባቴ ጋር ደብተር ሊገዛ ሳሪስ ሄደና ተራው ለእኔ ደረሰ! ከንፈሬን ነክሼ ተጋደምኩ። ሰናይት ሰማች፣ ማዳመጫውን አዛወረች፣ ደግማ ሰማችና ፊቷ ልውጥ አለ።

«እትዬ፣ የሚሚ ልብ… አንድ ድምፅ ይጎድለዋል» አለቻት እናቴን።

«በስመ አብ! ልጄ ምን ሆነችብኝ?»

«እኔም አልገባኝም፤ ነገ ጋሽ ዶክተር ይዩዋት።»

እናቴ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። እኔስ? ደስ ብሎኝ ልሞት! በመጨረሻ የእኔም ልብ ወግ ደርሶት ወሬ ሆነ። ለስላሳ ተገዛልኝ፤ ዳዊት ቢለምነኝ አንድ ጉንጭ ብቻ ሰጠሁት።

በማግስቱ ጋሽ ዶክተር ደረቴን ሰምተው ሲያበቁ ፈገግ አሉ። «ይቺ ልጅ ጤነኛ ነች። አንቺ ምን ድምፅ ነበር የጠበቅሽው?»

«እፍ የሚል ነገር» አለች ሰናይት። «ዳዊት ጋ ሁልጊዜ አለ። የልጆች ልብ ሁሉ እንደዚያ መስሎኝ…»

የጋሽ ዶክተር ፈገግታ ጠፋ። ዳዊትን አስጠርተው ሰሙት፤ አስቀምጠው ሰሙት፣ አስተኝተው ሰሙት። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው ጉሮሮውን ታሞ፣ መገጣጠሚያው አብጦ ያውቅ እንደሆነ ጠየቋት።

«አምና ጉልበቴን ሲል ነበር፣ ዶክተር። ኳስ የመታው መስሎኝ በቅቤ አሸሁለት።»

«የቶንሲል ጣጣ ነው፤ ልቡን ነክቶታል» አሉ። «ግን በጊዜ ደርሰንበታል። ወር በወር መርፌ ሳያቋርጥ ከወሰደ፣ እግዜር ያውቃል፣ ያድግልሻል።»

ሰናይት «ክረምቱን ሙሉ እየሰማሁት!» ብላ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ጋሽ ዶክተር ግን «እሱን እንዲህ አጥንተሽው ባይሆን፣ የእህቱ ልብ ከእሱ የተለየ መሆኑን በምን ታውቂው ነበር?» አሏት።

ከጥቅምት ጀምሮ የዳዊት መርፌ ቀን የግቢው በዓል ሆነ። ባለሱቁ ጋሽ ከድር ከረሜላ ይዞ፣ የግቢው ሌሎች ተከራዮች ሥራቸውን ጥለው፣ እኔ ፊት ፊት እየሮጥኩ ክሊኒኩ በር ድረስ እንሸኘው ነበር፤ «አይዞህ ጀግናው!» እያልን ስንጮህ እሱ ራሱ መፍራቱን ይረሳ ነበር።

ዛሬ ዳዊት ገላን ኮንዶሚኒየም የሚኖር ጎልማሳ ነው። አሁንም በየወሩ መርፌውን ብቻውን ሄዶ ተወግቶ፣ በታክሲ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ የሚሸኘውም የሚጮህለትም የለም። ያኔ እናቴ እሱ እንቅልፍ ሲወስደው ቀስ ብላ ተጠግታ፣ ጆሮዋን ደረቱ ላይ ለጥፋ፣ እየመታ መሆኑን ታረጋግጥ ነበር። ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ የዳዊት ትንሽ ልጅ እዚያው ደረት ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ታንኮራፋለች።