እግረ ደረቅ ያሏት ጎረቤቴ

መጀመሪያ ልብ ብዬ ያየኋት ሊፍት ስንጠብቅ ነው። ከፊቷ አንድ ወጣት ቆሟል። ጫማው ተወልውሏል፣ ፀጉሩ ተስተካክሏል፤ ለሥራ ፈተና እንደመጣ ከአቋቋሙ ያስታውቃል። ከአዲሱ ኮቱ አንገትጌ ጀርባ ግን የዋጋው ወረቀት ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ልንገረው አልንገረው እያልኩ ሳመነታ ሴትዮዋ ጠጋ አለችና ትከሻው ላይ ያረፈ ክር የምታነሳ መስላ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ወደ ውስጥ ሸጎጠችው። ክር ነበር አለችው። ልጁ አመስግኗት ገባ።

ለምን በጥሳ እንዳልጣለችው ገርሞኝ ጠየቅኳት።

«ካልተቀጠረ ይመልሰዋላ» አለችኝ።

አልተቀጠረም። ኮቱም በሰላም ወደ ሱቁ ሳይመለስ አልቀረም።

በዚያ ሕንፃ ከታች፣ ከደረጃው ሥር፣ ፎቶ ኮፒ የማነሳባትና ወረቀት የምጠርዝባት አንዲት ክፍል አለችኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤቴን ያኖረችው ይህች ክፍል ናት፤ ትምህርት ቤት ያላገኘሁትንም ንባብ ያገኘሁት ከምጠርዘው ላይ ነው። ፎቅ ላይ ያሉት ድርጅቶች ሲወለዱ ዕቅዳቸውን እጠርዛለሁ፤ ሲሞቱ ደግሞ ወንበራቸው በደጄ ሲወርድ አያለሁ። ይህችን ሴት ያወቅኳት በዚህ መውጣትና መውረድ መካከል ነው።

የቢሮ ሠራተኛ ናት። በታይፕ ጸሐፊነት ጀምራ፣ ኮምፒውተር ሲመጣ እሱንም እንደምንም ለምዳ፣ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ጉልምስናዋን ጨረሰች። አባቷ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ። በር መክፈት ማንም ይችላል፣ ሰው የሚታወቀው አዘጋጉ ላይ ነው ይሏት እንደነበር አጫውታኛለች። መሥሪያ ቤቱ ጸሐፊዎቹን ሲያሰናብት እሷም ስታርታፕ ወደሚባሉት፣ በልጅ ዕድሜ ወዳሉ ሰዎች ድርጅት መጣች።

የመጀመሪያው ድርጅት፣ ሰው ውኃ መጠጣት እንዳይረሳ በስልክ የሚያስታውስ ነበር። የጠማው ሰው ያለ ስልክም እንደሚያስታውስ ያሰበ አልነበረም። ሁለተኛው ዣንጥላ ያከራይ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ዣንጥላው ሁሉ ተከራየ። ዝናቡ በሌላ ቀን ተመልሶ መጣ፤ ዣንጥላዎቹ ግን እንደወጡ ቀሩ። የሦስተኛውን ሥራ እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። ዕቅዱን ደጋግሜ ጠርዤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ መሥራቹም የገባው አይመስለኝም።

ሦስቱም ሲዘጉ መሥራቾቹ ስብሰባ አለን ብለው ወጡ፤ ከዚያ ስልካቸው ጠፋ። ለሠራተኞቹ የነገረቻቸው እሷ ናት። ለአንዷ ሥራ ያለበት ቦታ ደውላ፣ ለሌላው የምስክር ወረቀት ጽፋ፣ ስኒዎቹን አጥባ፣ ቁልፉን ለአከራዩ አስረክባ ትወርዳለች። እነዚያ ሠራተኞች ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኟት መኪና አስቁመው ይስሟታል።

የሕንፃው ሰው ግን የቆጠረው ሌላውን ነው። የበሩ ዘበኛ ለቀልድ «እግረ ደረቅ» አላት፤ የረገጠችው ቤት ይደርቃል ለማለት ነው። ቀልዱ በሊፍት ወጥቶ በደረጃ ወረደ። በፊቷ እትዬ፣ ከኋላዋ እግረ ደረቅ ሆነች። ታውቅ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ዘበኛውን እንደ ድሮዋ «እንዴት አደርክ» ብላ ታልፈዋለች።

አራተኛው ድርጅት ቧንቧ ሠራተኛ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛና ቁልፍ ሠሪ በስልክ ፈልጎ የሚያገናኝ ነበር። ከመሥራቹ ሌላ ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ስድስቱም ኃላፊ። የእድገት ኃላፊ፣ የራዕይ ኃላፊ፣ የፍጥነት ኃላፊ ይባላሉ። ኃላፊ የሚሆኑበት ሰው ስላልነበረ እርስ በርሳቸው ይመራራሉ። እሷም ስትቀጠር የደስታ ኃላፊ አሏት። ወንበር የለም፤ ሰው በሚውጥ ትልልቅ ከረጢት ላይ ይቀመጣሉ። እናቷ አንድ ቀን ምሳዋን ሊያደርሱ መጥተው ይህን አዩና፣ ልጄ መጋዘን ነው የምትሠራው፣ ሰዎቹ ጆንያ ላይ ተኝተው ነው የሚውሉት ብለው ለሰፈሩ ተናገሩ።

በዚያ ቢሮ «እርስዎ» ማለት በውስጥ ደንብ ተከልክሏል። ሁሉም እኩል ነው፤ አንተ፣ አንቺ ይባባላል። መሥራቹ፣ ቅን ፊት ያለው ልጅ፣ እናቱን የምታክልን ሴት አንቺ ማለት ምላሱን እየያዘው ተቸገረ። መጨረሻ ላይ አንቺም እርስዎም የማይገባበት አነጋገር ፈጠረ፤ «ቁልፉ ቢገኝ ጥሩ ነበር» ይላል ወደ ጣሪያው እያየ።

ግድግዳቸው ላይ «ውድቀት መምህር ነው» ብለው በትልቁ ጽፈዋል። ከጽሑፉ ሥር የእጅ መታጠቢያቸው ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ባልዲ ደቅነውለታል። ባልዲው በሞላ ቁጥር ተራ የደረሰው ኃላፊ ይደፋዋል።

አንድ ጊዜ አንድ ባለሀብት ሊጎበኟቸው ቀን ቆረጡ። ገንዘባቸውን ካወጡ ድርጅቱ በእግሩ ይቆማል፤ ካላወጡ አለቀለት። በዋዜማው መሥራቹ ሴትዮዋን ወደ ጥግ ጠራት። «እርስዎ» ሲለኝ ክፉ ነገር እንደመጣ ወዲያው ገባኝ አለችኝ በኋላ። ነገ ቤትዎ ይረፉ፣ ደሞዝዎ አይነካም አላት። ለምን ብትለው ዙሪያ ጥምጥም ሄደ። በመጨረሻ፣ እሱ እንደማያምንበት፣ ሌሎቹ ግን ተነጋግረው በድምፅ ብልጫ እንደወሰኑ፣ እነሱ በመረጃ እንጂ በእምነት እንደማይሠሩ፣ መረጃው ግን ያው ከገባችባቸው ሦስት ድርጅቶች ሦስቱም መዘጋታቸው መሆኑን ነገራት።

ማታ ስትወርድ እኔ ጋ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል፤ አላለቀሰችም። ውድቀት መምህር ነው ብለው የጻፉ ልጆች፣ ከመምህሩ ዘንድ የመጣችውን ሴት ፈሯት። ብትቀሪስ ምን አለ፣ አንድ ቀን ነው አልኳት፤ ለማጽናናት ነበር።

«ከቀረሁ ስሙን ራሴ ፈረምኩበት ማለት ነው» አለች። «እስካሁን እነሱ ናቸው የሚሉት።»

በማግስቱ የተጠረዘውን ዕቅድ ይዤ ስወጣ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ጥሩ ልብሷን ለብሳለች። ባለሀብቱ ሲመጡ በሩን ከፍታ፣ እንኳን ደህና መጡ ብላ ቀድማቸው ገባች። ስድስቱም ኃላፊዎች ዓይናቸው ወለሉ ላይ፣ እግሯ ላይ ነበር። እኔም ጥራዞቹን አድዬ ስጨርስ በሩ አጠገብ ቀረሁ፤ እንደምን ልሂድ?

ባለሀብቱ ከረጢቱ ላይ ተቀመጡ፤ ከረጢቱም እስከ ደረታቸው ዋጣቸው። ጉልበታቸው ብቻ እየታየ ስለ ፍጥነት፣ ስለ እድገት፣ ስለ ራዕይ ሰሙ። ልጆቹ ደህና ተናገሩ፤ እውነት ለመናገር ልቤ ሞቆ ነበር። ንግግሩ አልቆ ዝም ሲባል ግን ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ቧንቧ ነው ተባሉ።

«መልካም» አሉ ባለሀብቱ። «እስቲ በዚሁ በሠራችሁት የስልክ መተግበሪያ አንድ ባለሙያ ጥሩልን።»

የእድገት ኃላፊው ተጫነው። ግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን አንዲት ክብ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች፤ ባልዲውም ሥራውን አላቋረጠም። ከዚያ ጽሑፍ መጣ፤ «በአቅራቢያዎ ባለሙያ አልተገኘም። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።» አንዱ ኔትወርክ ነው አለ። ሌላው የሴትዮዋን እግር አየ። ከዚያ ሁሉም አዩት።

ባለሀብቱን ከከረጢቱ ለማውጣት ሁለት ሰው ጎተታቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቧንቧችሁን ስታሠሩ ደውሉልኝ ብለው ወጡ። በሩ እንደተዘጋ መሥራቹ ጃኬቱን አንስቶ፣ ማንንም ሳያይ፣ ስብሰባ አለኝ አለ።

ያቺን ቃል ስትሰማ የሴትዮዋ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ተከትላው ወጣች። እኔም ባዶ ካርቶኔን ታቅፌ ወደ ታች ስወርድ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው መንገዱን ዘግተውት አገኘኋቸው። ልጁ ፊቱን በእጁ ይዟል።

«ዛሬ ብቻ ቢቀሩ ምን ነበረበት?» አላት።

«ለቅሶ ቤት ሁሉ የምትገኝ ሴት ገዳይ ናት እንዴ?» አለችው፤ ድምፅዋን አላነሳችም። «ሦስቱም ሲሞቱ አጠገባቸው ነበርኩ። አዎ፣ ነበርኩ። ሌላው ሁሉ ሲሸሽ ማን ይቅበራቸው?»

ልጁ እጁን ከፊቱ አወረደ።

«አሁን ስማኝ፣ ልጄ። ስብሰባ አለኝ ብሎ ወጥቶ የተመለሰ መሥራች አላየሁም። ቧንቧው ያንጠባጥብ፣ ግድ የለም። እነዚያ ልጆች ግን ካንተ አፍ ይስሙ። እኔ አልነግርልህም። ሦስት ጊዜ ነግሬያለሁ፤ ይበቃኛል።»

«ምን ብዬ?»

«እንደሆነው።»

እኔም ካርቶኔን ታቅፌ በልቤ ጸለይኩለት። ከዚያ ተነስቶ፣ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ሄደ። እሷም ቀሚሷን አራግፋ ተከተለችው፤ እኔም እነሱን።

እንደሆነው ነገራቸው። ገንዘቡ ወር እንደማያደርሳቸው፣ ቢሮውን መልቀቅ እንዳለባቸው፣ ሊጠፋ እንደነበርም ጭምር። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። ደንቡ ፈረሰ፤ የተቃወመ ግን አልነበረም። የፍጥነት ኃላፊዋ ብቻ ቀስ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ይህን ጊዜ የእድገት ኃላፊው አንገቱን ደፍቶ፣ አጎቴ እኮ ቧንቧ ሠራተኛ ነው አለ። እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርክም ሲባል፣ ማን ጠየቀኝ፣ ደግሞም አፍሬ ነው አለ። አጎትዬው ተደወለላቸው፤ ከሰዓት መጥተው የቧንቧዋን ጎማ ቀየሩና ባልዲውን ደፍተው ሄዱ። ሻይ እንኳን አልጠጡም። ያኔ ሌላዋ የእህቷ ባል ኤሌክትሪክ እንደሚሠራ ትዝ አላት፤ ሌላው ቁልፍ ሠሪ ጎረቤት እንዳለው ተናገረ። በዚያች ከሰዓት ያገኙት ባለሙያ ክቧ ዓመት ሙሉ ዞራ ካገኘችው ይበልጥ ነበር።

ሁለቱ ሌላ ሥራ ፍለጋ ሄዱ፤ አራቱና መሥራቹ ግን አልተበተኑም። ወሩ ሲያልቅ ዕቃ ሲወርድ በደጄ ቆሜ አየሁ። በዚህ ሕንፃ ብዙ ድርጅት ሲወርድ አይቻለሁ፤ መሥራቹ የጠረጴዛውን የፊት ጫፍ ተሸክሞ ሲወርድ ግን ያ የመጀመሪያው ነው። ኋላውን የያዘው የእድገት ኃላፊው ነበር። እሷ ከሁሉም በኋላ ወጥታ፣ በሩን ዘግታ፣ ቁልፉን አስረከበች። ዘበኛው ከመቀመጫው ተነስቶ «እትዬ፣ እንዳይከብድዎ» ብሎ የያዘችውን ካርቶን ተቀበላት። ከኋላዋም የሚላትን ለመስማት ጆሮዬን አቁሜ ነበር፤ ምንም አላለም። ከእንዲህ ዓይነት ሴት ጋር አንድ ደረጃ መጋራቴ አኮራኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን እንደከፈትኩ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆመች፤ አልገባችም። ግቢ አልኳት። ቆይ አስቀድመህ ስማኝ አለች።

«ጎረቤት፣ ላስቸግርህ ነው» አለች። «ከማሽንህ ጀርባ ወረቀት የምትከምርባት ቦታ አለች። አንድ ጠረጴዛና አንድ ስልክ ብቻ እናስገባባት። ሰው ይደውላል፣ እኛ አጎት እንልካለን፤ ሥራው ይኸው ነው። እግራችንን እስክንተክል ነው። ደንበኞችህ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እንጀራህም ከዚች ክፍል ነው የሚወጣው። እግሬን ከፈራህ አሁኑኑ ንገረኝ፤ አልቀየምህም። ካልፈራህ ደግሞ ያንን ወረቀት ከመንገድ አንሳልኝና ልግባ።»