አንድ ላይ የተገለጡት ሁለት ቅጠሎች

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስተይብ የኖርኩ ጸሐፊ ነኝ። ጡረታ ወጥቼ ሲኤምሲ ያለው ቤቴ ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር ስጨቃጨቅ ስውል፣ አስተማሪ የሆነች ጎረቤቴ መጣችና "ዓይነ ስውር ተማሪ አለችኝ፤ የታሪክ መጽሐፏን የሚያነብላት አጥታ ፈተናው ሊደርስባት ነው" አለችኝ። ድምፄ እንደሚያምር ስለማውቅ እሺ አልኩ። አልዋሽም፣ ለራሴ ስል ነው የጀመርኩት።

ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከወሎ መጥታ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም ከምትነግድ አክስቷ ጋር ትኖራለች። ቅዳሜ ጠዋት ዘንጓን ይዛ ብቻዋን በታክሲ ትመጣለች። መጀመሪያ ቀን መንገድ ወጥቼ ልቀበላት ብላት "እትዬ፣ አይድከሙ፤ 'ወራጅ አለ' ማለት አያቅተኝም" አለችኝ። ኩምሽሽ አልኩ።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ አንብቤ በአማርኛ አብራራለሁ፣ እሷ በስልኳ ትቀዳለች። ቤቷ ስትገባ የምታዳምጠው በእጥፍ ፍጥነት ነው። አንዴ አሰማችኝ፤ ያ የምኮራበት ድምፅ የምትባረር ዶሮ ሆኖ አረፈው! እሷ ግን አንዲት ቃል አታመልጣትም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ ስንደርስ ካርታው አስቸገረን። ትሪ አወጣሁና አውሮፓንና ሰሜን አፍሪካን በምስር ሠራሁላት፤ ባሕሩን ባዶ ተውኩት፤ ግንባሩን በሲባጎ ዘረጋሁ። ጣቷን ከበርሊን አንስታ በዝግታ እስከ ስታሊንግራድ ወሰደች።

"ይሄን ሁሉ መንገድ ዳቦውንም ነዳጁንም ከኋላ እያስመጡ ነው የሄዱት?"

"አዎ።"

"ታዲያ ብርዱ ብቻ ነው እንዴ ያሸነፋቸው? መንገዱ ራሱ በላቸው እኮ!"

መጽሐፉ ይህችኑ ለመናገር ሦስት ገጽ ፈጅቷል። ስታሊንግራድ፣ ኤል አላሜይን፣ ኖርማንዲ እያልን ጦርነቱ የተለወጠባቸውን ቦታዎች ስንቆጥር በየቦታው አንዳንድ ባቄላ አስቀመጠች። ከዚያ አንዷን ባቄላ ዳሰስ አድርጋ፣ "እዚያ የነበረው ወታደር ግን ዛሬ ነገሩ ተለወጠ ብሎ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው እንደበረደው ነው" አለች። በዚህ ዕድሜዬ አስቤው አላውቅም ነበር። እኛ የተወረርነው መጽሐፉ ጦርነቱ ጀመረ ከሚልበት አራት ዓመት ያህል ቀድሞ መሆኑን ስነግራትም የትሪውን ጠርዝ ዳሰሰችና "እትዬ፣ እኛን ከትሪው አውጥተውናል" አለች። ተነስቼ ሌላ ትሪ ጨመርኩ። እንዲህ ያለች ልጅ ነበረች፤ እኔ አስተምራታለሁ ብዬ ተቀምጬ ስማር የምውለው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። የዕለቱን ምዕራፍ ቀድሜ አይቼው ነበር። ናዚዎች በገዛ አገራቸው አካል ጉዳተኞችንና የአእምሮ ሕሙማንን ከየሕክምናው ቦታ እየሰበሰቡ መግደላቸውን፣ ለቤተሰብ ደግሞ "በሕመም ሞቱ" የሚል የሐሰት ደብዳቤ መላካቸውን ይናገራል። ይሄን ለእሷ በየትኛው አፌ ላንብበው? ለፈተናም አይመጣም ብዬ ራሴን አሳመንኩና እዚያ ስደርስ ሁለቱን ቅጠል አንድ ላይ ገልጬ ቀጠልኩ።

ቅጂውን አቆመችው።

"እትዬ፣ ሁለት ቅጠል ነው የገለጡት።"

"ተጣብቆብኝ ነው፣ ልጄ።"

"ከተጣበቀ ያላቁት፤ እጠብቅዎታለሁ።"

ፊቴ ጋለ። "ክፉ ነገር ነው የተጻፈበት። እንዳታዝኚ ብዬ ነው" አልኳት።

"አባቴ ሲሞት ሰባት ወር ደብቀውኛል" አለች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። "ትምህርቷን እንዳይረብሻት ብለው ነው መርዶውን ያቆዩት። ሌላ ሰው ቢሆን የአክስቱን ፊት አይቶ ይጠረጥራል። እኔ ስደውል 'አባዬ እንዴት ነው?' እላለሁ፣ 'ደህና ነው' ይሉኛል፣ 'ሰላም በሉልኝ' እላለሁ። ሰባት ወር ለሞተ ሰው ሰላምታ እልክ ነበር። እርስዎ እንኳ አይዝለሉብኝ።"

በጣም አፈርኩ። ቅጂውን መልሳ ከፈተችው፤ ቅጠሎቹን መልሼ አነበብኩላት፣ አንድም ሳላስቀር። ደብዳቤዎቹ ጋ ስደርስ እጇን አንስታ "እሱን ይድገሙልኝ" አለች። ደገምኩት። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ እሷ መሐረቧን አውጥታ ወደ ድምፄ ዘረጋችና "ሲበቃዎት ይቀጥሉ" አለችኝ።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ታሪክ ታጠናለች፤ የሚገባትን አገኘች እላለሁ። እኔ ግን እሷን ሳስብ ፈተናው አይደለም ትዝ የሚለኝ። ያንን ምዕራፍ ባነበብን በሳምንቱ ቅዳሜ ለክለሳ መጥታ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ዶሮዋ መጮኋን ጀመረች፤ ስታሊንግራድን አለፈች፣ ኖርማንዲን አለፈች። እነዚያ ሁለት ቅጠሎች ላይ ስትደርስ ልጅቷ ስልኩን ነካ አደረገችና ድምፄ ወደ ራሱ ተመለሰ፤ ቀስ ያለ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ የማያምር።

"ይሄን አላሯሩጠውም" አለች።

እስኪያልቅ ድረስ ሁለታችንም ቁጭ ብለን ሰማነው።