የሁለቱ ሆፖች ዳኛ

አጎቴ ሰው መትቶ አያውቅም። ቢራ ፋብሪካው የቀጠረው ለአፍንጫው ነበር። ሆፕ የሚባለውን፣ ቢራውን መራራ የሚያደርገውን አረንጓዴ አበባ በመዳፎቹ መሃል ያሸዋል፤ ከዚያ ፊቱን እስከ ጉንጩ ይቀብርና «ይሄ የሎሚ ልጣጭ ነው፤ ያኛው የጥድ ሙጫ» ይላል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እመዘግባለሁ። ዋና ጠማቂው እንኳ «አፍንጬ ምን አለ?» ሳይል ሥራ አይጀምርም።

አባቴ የዚያው ፋብሪካ መጋዘን ኃላፊ ነው፤ የአጎቴን እህት ነው ያገባው። ጥፊውን እናቴም እኔም እስኪበቃን ቀምሰናል።

አንድ ጠዋት ለአዲሱ ቢራ ከሁለት ዓይነት ሆፕ አንዱን ለመምረጥ ተሰበሰብን። አጎቴ የመጀመሪያውን አሽትቶ ፈገግ አለ። በሁለተኛው ፊቱ ተጨማደደ።

«ይሄ አይብ አይብ ይላል። ሙቀት ላይ የከረመ ነው።»

የመጋዘኑ ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ሳምንት አልፎታል፤ አባቴ ለማንም ትንፍሽ አላለም ነበር።

«በሰው ፊት ታዋርደኛለህ?»

«አንተን መች አሸተትኩ? ሆፑን ነው እንጂ!»

ሁላችንም ሳቅን። አባቴ የአጎቴን ማጅራት ጨምድዶ ፊቱን ከብረቱ ጠረጴዛ ጋር አላተመው። ሦስት ጊዜ። አጥንቱ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ሲወድቅ ደግሞ በጫማው ረገጠው። ደሙ አበባው ላይ ተረጨ። ሦስት ሆነን ስንጎትተው ክንዴን ነከሰኝ፤ የገዛ ልጁን!

እናቴ ሆስፒታል ሄዳ «ወንድሜ፣ ቤቴን አታፍርስብኝ» ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። አጎቴም አልከሰሰም። አባቴ በማስጠንቀቂያ ታለፈ።

ከወር በኋላ ዋና ጠማቂው አጎቴ ፊት ሁለት ሳህን አስቀመጠ። አጎቴ አሸ፣ ፊቱን ቀበረ፣ ደጋግሞ ሳበ። ከጠማቂው ጀርባ ቆሜ በከንፈሬ ብቻ «ሎሚ» አልኩት። አየኝና ፊቱን አዞረ።

«ምንም አይሸተኝም» አለ። ያኔውኑ ተሰናበተ።

በማግስቱ ምሳ ላይ አባቴ እያላመጠ «ድሮም ያስመስል ነበር እንጂ ምን አፍንጫ ነበረው!» አለ። የያዝኩትን የብረት ጭልፋ አፉ ላይ አሳረፍኩት። ደገምኩት። ሁለት ጥርስ ሳህኑ ውስጥ ወደቀ። እናቴ «ኧረ አባትሽ ነው!» ብላ ጮኸች። አባቴ መሆኑ መች ጠፋኝ? አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አጎቴ ቤት ሮጬ ነገርኩት። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ለአፍንጫው አንድ ዘለላ እንባ ያላወጣው ሰው እጄን ይዞ ተንሰቀሰቀ።

«አንቺም እንደ እሱ ሆንሽ?» አለኝ።