ኳሶቹን የመረጥን ቀን

እንጅባራ ላይ ፑል ቤት አለን። ኳሶቹን የሚገዛውም የሚንከባከበውም ባለቤቴ ነበር። ጠዋት ጠዋት በለብታ ውኃና በሳሙና አጥቦ፣ በለስላሳ ጨርቅ አድርቆ፣ አንድ በአንድ መስኮቱ ጋ እያገላበጠ ስንጥቅ ይፈልግባቸው ነበር። እኔ ሻይ ከማፍላትና ሰው ከማስተናገድ በቀር ስለ ኳስ የማውቀው አልነበረም።

አምና ክረምት ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ። አማርኛውም አብሮ ጠፋ። ሐኪሙ ቀስ እያለ ሊናገር ይችላል ብሎን ነበር፤ የተመለሰለት ግን የልጅነት ቋንቋው አዊኛ ነው፣ እሱም ተቆራርጦ። እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ። ከተጋባን ጀምሮ በአማርኛ ስለኖርን አዊኛ ሳልማር ቀረሁ።

ኳሶቹ እየተላላጡ መጡ። ሌሎቹን የምትመታዋ ነጯ ኳስ ቀጥ ብላ መሄድ ትታ ወደ ጎን ትስብ ጀመር፤ ደንበኞቻችንም ሌላ ቤት ለመዱ። ዳንግላ ላይ ፑል ቤታቸውን የሚዘጉ ሰው ሁለት ስብስብ ኳስ እንደሚሸጡ ስሰማ፣ ባለቤቴን ይዤ በሚኒባስ ሄድኩ። እሱ ካያቸው ይበቃል ብዬ ነው።

ሻጩ ሽማግሌ ናቸው። ወንበር ሰጡትና የሚያብረቀርቁትን አዲሶችና ቢጫ ያሉትን የቆዩ ኳሶች ለየብቻ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩለት። ሁለቱም ደህና ናቸው አሉን። ባለቤቴ በግራ እጁ አንዷን አንስቶ መዘናት፣ አንከባለላት፣ እስክትቆም በዓይኑ ተከተላት። ፊቱ እንደ ድሮው ሆነ። ደስ አለኝ። ከዚያ የቆዩትን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ አንድ ቃል ደጋገመ።

"እነዚህን ልውሰድ ወይስ ልተው?" አልኩት።

ያንኑ ቃል መለሰልኝ። ሽማግሌው አዊኛ ስለሚችሉ ምን እንደሚል ጠየቅኋቸው። ጎንበስ ብለው ደጋግመው አዳመጡት።

"ቃሉስ የእኛው ነው ልጄ፤ ግን አልያዝ አለኝ" አሉኝ።

ገጠር ያለችው እህቱ ጋ ብደውል ኔትወርክ የለም። የመመለሻችን ሚኒባስ እየሞላ ነበር። ወደ እኔ የገፋቸው ውሰጂ ሲለኝ ነው ብዬ የቆዩትን ወሰድኩ። መንገዱን ሁሉ በመስኮት እያየ አለቀሰ። አይዞህ እያልኩ እንባውን ጠረግሁለት።

ኳሶቹ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ ደንበኛም መመለስ ጀምሯል። ሳጥባቸው አንዷን በደህናው እጁ አስይዘዋለሁ። አንዳንድ ቀን ይወለውላታል፤ አንዳንድ ቀን ጭኑ ላይ ትቷት ይተኛል።

እህቱ ከገጠር ስትመጣ፣ የፈለገው የትኞቹን እንደነበር እንድትጠይቅልኝ ለመንኳት። ጠየቀችው። እየተቆራረጠም ቢሆን ብዙ አወራት፤ እሷም ተረድታዋለች።

"ስለ ኳሶቹ አላነሳም፤ እናታችን የት ሄደች ነው የሚለኝ" አለች።

እናታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ምን ልበለው በሚል ዓይን አየችኝ። እኔም አንዷን ኳስ አንስቼ በደህናው እጁ አስያዝኩት።